ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት፦ ደብተር፣ ካርድ ወይስ የአንባቢ ኪስ?

በጎጃም ከተሞችና በገጠሩ ቀበሌዎች ካሉት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም የሚሠሩት በእጅ ነው። ኮምፒውተር ያለው ቤት እንኳ መብራት ሲሄድ ወደ ወረቀት ይመለሳል፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ከቀረ ያን ቀን ማዋስም መቀበልም የለም። በእጅ መሥራት ሲባል ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ለሰንበት ትምህርት ቤት 300 መጽሐፍ የሚበጀው አሠራር፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእረፍት ሰዓት ሰልፍ አይሆንም።

ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ መጽሐፉ አለን? የት ተቀምጧል? ቦታው ላይ ከሌለስ ማን ወስዶታል፣ መቼስ ይመለሳል? ነገሩ የሚበላሸው ሦስቱንም በአንድ ደብተር ለመመለስ ሲሞከር ነው። ለየጥያቄው የራሱ መሣሪያ ይኑረው፤ ንጽጽሩም የሚጠቅመው እንዲህ ለያይቶ ሲያዩት ነው።

ምርጫ የሌለበት፦ ዋና መዝገብ

የቀረውን ሁሉ መምረጥ ይቻላል፤ ዋና መዝገብ ግን የግድ ነው። በአገራችን ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የንዋያተ ቅድሳቱና የመጻሕፍቱ ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር፤ ሐሳቡ ያው ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ አስቀድሞ በቁጥር የተለየ ትልቅ መዝገብ ያዙ። አምዶቹ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የጸሐፊው ስም፣ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ምንጩ (ግዥ ወይም ስጦታ)፣ ዋጋና አስተያየት ይሁኑ። በመንግሥት ቤት ከሆነ መጽሐፉ ገቢ የሆነበት የሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቁጥርም በአንድ አምድ ይግባ፤ ርክክብ ሲመጣ ክርክር የሚያሳጥረው እሱ ነው።

የአንድ መጽሐፍ አምስት ቅጂ ቢመጣ አምስት መስመርና አምስት ቁጥር ነው። የጠፋ መጽሐፍ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፤ «ጠፍቷል» ተብሎ ቀኑ ተጽፎበት ይቀራል። ቁጥሩ በሦስት ቦታ ይጻፍ፦ ርዕሱ ባለበት ገጽ፣ በኋላ ሽፋኑ ውስጥና በጀርባው መለያ ላይ። ማኅተም በርዕሱ ገጽ ላይ ከተመታ በኋላ ሠራተኞቹ ብቻ በሚያውቁት አንድ ገጽ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ገጽ 25 ላይ፣ ይደገም። ሌባ የመጀመሪያውን ገጽ ቀዶ ይጥላል እንጂ ውስጡን አይፈትሽም።

የታተመበትን ዓመት ስትመዘግቡ ከነአቆጣጠሩ ይሁን። በአማርኛው መጽሐፍ ላይ ያለው 2008 ዓ.ም. በእንግሊዝኛው ላይ ካለው 2008 እ.ኤ.አ. በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ሳይለዩ የጻፉት መዝገብ የትኛው የመማሪያ እትም አዲስ እንደሆነ አያሳይም።

የውሰት አሠራር፦ አራት ዓይነት፣ አራት ድካም

አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ዕለታዊ ደብተር ነው። ቀን፣ ስም፣ ክፍል፣ ርዕስ፣ የመጽሐፍ ቁጥር፣ የመመለሻ ቀን፣ ፊርማ። ለመጀመር ደብተርና ማስመሪያ ይበቃል፤ ፊርማ ስላለበትም «አልወሰድኩም» የሚል ክርክር አይነሣበትም። ችግሩ የሚታየው መጽሐፉ ሲመለስ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የተጻፈውን መስመር ለማግኘት ገጽ መግለጥ ይጠይቃል፤ ሰልፍ ሲበዛ ሠራተኛው «በኋላ እሰርዘዋለሁ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሳይሰረዝ ይቀርና የመለሰው ልጅ በሰኔ ባለ ዕዳ ይሆናል። ደግሞም አንድን ሰው ለመመዝገብ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ፣ በ30 ደቂቃ እረፍት ከ15 ተማሪ በላይ አይስተናገድም። በቀን ከአሥር ውሰት በታች ላለው ቤት ደብተር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይመከርም።

ሁለተኛው ያው ደብተር ሆኖ ለየአንባቢው አንድ ገጽ የሚሰጥበት ነው። አንባቢ ቁጥር 47 ገጹ 47 ነው። ሲመልስ ገጹ ወዲያው ይገኛል፤ ስንት መጽሐፍ በእጁ እንዳለም ባንድ እይታ ይታያል። የማይመልሰው ጥያቄ «ይህ መጽሐፍ ማን ጋ ነው?» የሚለውን ነው፤ ለዚያ ደብተሩን ሁሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። አባላቱ ከመቶ የማይበልጡ፣ ተዋውቀው የሚኖሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለማኅበር ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ሦስተኛው ካርድና ኪስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ተስፋፍቶ ኒዋርክ በሚባለው ከተማ ስም የሚጠራው አሠራር ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት እኛ የምንመርጠውም እሱን ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በኋላ ሽፋኑ ውስጥ የወረቀት ኪስ፣ በኪሱም አንድ ካርድ አለው። ከኪሱ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ የመመለሻ ቀን የሚጻፍበት ቁራጭ ወረቀት ይለጠፋል።

መጠኑ እንዲህ ይሁን። ካርዱ 7 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከአንድ ኤ4 ወፍራም ወረቀት ስምንት ይወጣል፤ ለ1,000 መጽሐፍ 125 ወረቀት ማለት ነው። ዓለም አቀፉን 7.5 በ12.5 መጠን ብትከተሉ ግን፣ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ስትቆርጡ አራት ብቻ ስለሚወጣ 250 ወረቀት ይፈጃል። ያረጀ የፋይል ሽፋንም ጥሩ ካርድ ይወጣዋል። ለኪሱ 10 በ8.5 የሆነ ወረቀት ቁረጡ፤ በግራ፣ በቀኝና በታች አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እጠፉና እጥፋቱን ብቻ በነጭ ኮላ ለጥፉ። ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 7.5 የሆነ ኪስ ይወጣል፤ ካርዱ ቆሞ ሲገባ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከላይ ይታያል። ከአንድ ኤ4 ስድስት ኪስ ይገኛል። ከዱቄት የተፈላ ሙጫ ርካሽ ቢሆንም ብልና አይጥ ይጠራል። ግልጽ ፕላስተርም ቆይቶ ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይዞ ይላቀቃል።

አሠራሩ ይህ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ያመጣል። ሠራተኛው ካርዱን አውጥቶ የአንባቢውን ቁጥርና የመመለሻውን ቀን ይጽፍበታል፤ ያንኑ ቀን በመጽሐፉ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ካርዱ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከዚያ ቀን መለያ (ቀኑ ከተጻፈበት ወፍራም ወረቀት) ኋላ፣ በመጽሐፍ ቁጥር ተራ ይገባል። መጽሐፉ ሲመለስ ቁራጩ ወረቀት ቀኑን ይናገራል፤ በዚያ ቀን መለያ ሄዶ ካርዱን አውጥቶ ወደ ኪሱ መመለስ ነው። ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን የከፈተ ሰው ካለፈው ቀን መለያ ኋላ የቀሩትን ካርዶች ያያል፤ የዘገዩት እነሱ ናቸው፤ ሌላ ዝርዝር መሥራት አያስፈልግም። ይህን በደብተር ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ስሕተት የሚገባው አንድ ቦታ ነው፦ የአንዱ ካርድ በሌላው መጽሐፍ ኪስ ሲገባ። አንድ ስሕተት ሁለት መጽሐፍ ያጠፋል። ስለዚህ ካርዱ ከመግባቱ በፊት በካርዱና በኪሱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ጮክ ተብለው ይነበቡ። ልማድ እስኪሆን ሁለት ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜ አይወስድም። ካርድ ከቀኑ ኋላ ካልተገኘ በቅድሚያ ቀዳሚውንና ተከታዩን ቀን እዩ።

አራተኛው የአንባቢ ኪስ ነው፤ በአሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በኒና ብራውን ስም ይጠራል፣ በእንግሊዝ አገርም ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። እዚህ ኪሱ የሚሰጠው ለሰው ነው። ሁለት መጽሐፍ መዋስ የሚፈቀድለት አንባቢ ስሙና ቁጥሩ ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ኪሶች ይዞ ይሄዳል። ሲዋስ አንዱን ኪስ ይሰጣል፤ የመጽሐፉ ካርድ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ከቀኑ መለያ ኋላ ይቀመጣል። ከመጽሐፉ የቀን ቁራጭ በቀር የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ከሁሉም ይፈጥናል። ሲመልስ ኪሱ ይመለስለታል፤ ኪሱ በእጁ ያለ ሰው ዕዳ የለበትም፣ ደረሰኙ እሱ ነው። ይህ ለአንባቢው ትልቅ ዋስትና ስለሆነ በጣም የሚያስመሰግነው ጠባዩ ነው።

ኪሱ ግን ይጠፋል፤ በተለይ ከሕፃናት እጅ። 600 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 1,200 ኪስ ማዘጋጀትና የጠፋውን በየጊዜው መተካት አለበት። ካርቶኑ ቢወድቅና ካርዶቹ ቢደባለቁ ደግሞ ማን ምን እንደያዘ ይታወቃል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን አይታወቅም፤ ቀኑ በመለያው እንጂ በካርዱ ላይ የለምና። በካርድና ኪስ አሠራር ግን ቀኑ በየካርዱ ላይ ስለተጻፈ የወደቀ ካርቶን በአንድ ሰዓት ተመልሶ ይደረደራል። የአንባቢ ኪስ የሚሻለው ዐዋቂ አንባቢዎች ለሚመላለሱበት የከተማ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ዓመቱን ሙሉ በተማሪ እጅ የሚቆይ የመማሪያ መጽሐፍ ከእነዚህ በአንዱም አይገባም። ለእሱ በየክፍሉ አንድ የስም ዝርዝር አዘጋጁ፤ በየስሙ አንጻር የመጽሐፍ ቁጥርና ፊርማ ይበቃል። ይህን ከውሰት ካርዱ ጋር የቀላቀለ ቤት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ካርቶኑ ይሞላና የልብ ወለዱን ካርድ መፈለጊያ ያጣል።

በየትኛውም አሠራር ሁለት ነገር አይለወጥ። አንደኛ፣ አንባቢ በቁጥር ይታወቅ። በአንድ ክፍል ሁለት «ይበልጣል»፣ በአንድ ትምህርት ቤት አራት «አንተነህ» የሚባሉ ሲኖሩ ስም ብቻውን አይለይም፤ በአባላት ዝርዝሩ ላይም የአያት ስም ይጨመር። ሁለተኛ፣ የውሰቱ ጊዜ 14 ቀን ይሁን። ሁለት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው በገበያው ቀን ይመልሳል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የወሰደም እሑድ ይመልሳል። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ደግሞ ሒሳቡን ያቀለዋል፦ ጥቅምት 20 የተወሰደ 34፣ ሲቀነስ 30፣ ኅዳር 4 ይመለሳል። ተማሪ የያዘው ሁሉ ሰኔ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ጳጉሜን ሒሳቡን አታውክም።

ዝርዝሩ፦ ክላሰር ወይስ የካርድ ሣጥን?

አንባቢ መጽሐፉ መኖሩን የሚያይበት ዝርዝር ከዋና መዝገቡ የተለየ መሆን አለበት፤ ዋና መዝገብ በገባበት ቀን ተራ ስለሆነ ለፍለጋ አይመችም። የካርድ ሣጥን ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ካርድ ይጠይቃል፦ በጸሐፊ፣ በርዕስና በጉዳይ። 1,000 መጽሐፍ 3,000 ካርድ ነው፤ አንድ ሰው በቀን 30 ካርድ ቢጽፍ መቶ የሥራ ቀን ይወስዳል። ክላሰር ግን በየጉዳዩ አንድ ሉህ ይዞ፣ በየመስመሩ መሐል ሁለት ባዶ መስመር እየተወ የሚጻፍ ነው፤ ሉህ ሲሞላ ወይም ሲቀደድ ያ ሉህ ብቻ ይገለበጣል። ከ1,500 ርዕስ በታች ክላሰር ይበልጣል ብለን እናምናለን። ጀምረው ያላለቁት የካርድ ሣጥን ጨርሶ ካለመኖር ይከፋል፤ አንባቢ ካርዱን ሲያጣ መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳልና።

የፊደል ተራው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በአማርኛ ዝርዝር መጽሐፍ የሚጠፋው በብዛት እዚህ ላይ ነው። የጎጃሙ ደራሲ የክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ ስም አንዳንዴ በሀሌታው ሀ፣ አንዳንዴ በሐመሩ ሐ ይጻፋል። ካርዱ በአንዱ፣ ፈላጊው በሌላው ከሄደ አይገናኙም። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ በሀ ቦታ፣ ሠ በሰ ቦታ፣ ዐ በአ ቦታ፣ ፀ በጸ ቦታ አንድ ላይ ይደርደሩ። በካርዱ ላይ ግን ስሙ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይጻፍ፤ አንድ የሚሆነው አቀማመጡ ብቻ ነው። ከ33ቱ ፊደላት አምስቱ ስለሚቀነሱ 28 መለያ ይበቃችኋል፤ ቨ የሚያስፈልግ ከሆነ ይጨመር። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ እንዲሁ በድምፅ አንድ ናቸውና አትለያዩአቸው። በተቀነሱት ፊደላት ቦታ «ሐን በሀ ይፈልጉ» የሚል ካርድ ይቁም።

ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ አባቱ ቀድሞ አይመጣም። የውጭ አገር ጸሐፊ ግን በቤተሰብ ስሙ ነው። ኢትዮጵያዊው መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ቢጽፈውም ደንቡ አይለወጥ፤ ካለዚያ የአንድ ሰው ሥራዎች በሁለት ቦታ ይበተናሉ።

መደርደሪያው

በ1876 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ መጻሕፍትን በየጉዳያቸው በቁጥር የሚመድበው የዴዊ አከፋፈል ለእንግሊዝኛ መማሪያና ማጣቀሻ ይመቻል፤ ሦስት አሃዝ ይበቃል። 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 633 የሰብል እርሻ፣ 638 ንብ ማነብ ያለበት ነው፤ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ግን አይበጅም፤ የአማርኛው ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት ሁሉ በሦስት አሃዝ ሲያዝ 892 ላይ ይከመራል። እሱን ትታችሁ በጀርባው ላይ «ል» ለልብ ወለድ፣ «ግ» ለግጥም፣ «ተ» ለተውኔት ጻፉና ከሥሩ የጸሐፊውን ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አስከትሉ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥሩ ራሱ ይብዛባቸዋል፤ በጀርባው ሥር የተለጠፈ ባለ ቀለም ወረቀት፣ በየጉዳዩ አንድ ቀለም፣ ይሻላል።

ክፍት ወይስ ዝግ?

በዝግ አሠራር አንባቢ ከመስኮት ሆኖ ይጠይቃል፣ ሠራተኛው ያመጣል። በክፍቱ ራሱ ገብቶ ያገላብጣል። ብዙ ቤቶች ዝጉን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ መጽሐፉ በሠራተኛው ስም ወጪ የሆነ ንብረት ሲሆን፣ ሲጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ልጅ በእጁ ገልጦ ያላየውን መጽሐፍ ስሙን ጠርቶ አይጠይቅም፤ ተቆልፎ የሚኖር መጽሐፍም ሳይነበብ ብል ይበላዋል። መፍትሔው ከኃላፊዎች ጋር ሆኖ በዓመት የሚፈቀደውን የጉድለት መጠን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ነው። ከዚያ በኋላ ልብ ወለዱን፣ የሕፃናቱንና ብዙ ቅጂ ያላቸውን ክፈቱ፤ መዝገበ ቃላቱን፣ ካርታውንና አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ከጠረጴዛው ኋላ አቆዩ። ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ፤ መውጫው አንድ ይሁን። አንባቢም ያነበበውን ጠረጴዛ ላይ ይተወው እንጂ ራሱ አይመልስ፤ ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ እስከ ቆጠራ ድረስ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

መዝገበ ቃላት ለሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ንገሩት፦ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ እንጂ በሀለሐመ አይደለም። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ቃሉን አጥቶ ይመለሳል። የአበገደን ተራ በካርቶን ጽፋችሁ ከመጽሐፉ አጠገብ ስቀሉ።

ክረምት ሲመጣ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር፣ የታችኛው እርከን ከወለሉ እንዲሁ አንድ ስንዝር ይራቅ። ጥሬ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ሲደርቅ ስለሚጣመም ቆይቶ የደረቀ ይሁን። መጻሕፍቱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ያህል ልል ይሁኑ፤ ተጨናንቀው የተቀመጡት ቀድመው ይሻግታሉ። የሻገተ መጽሐፍ ከሌሎቹ ተለይቶ በጥላና በነፋስ ይድረቅ፤ በፀሐይ ላይ ሽፋኑ ይጣመማል። ሻጋታው የሚጠረገው ከደረቀ በኋላ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው።

ቆጠራው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ውሰት ተዘግቶ፣ በሁለት ሰው ይሠራ፤ አንዱ ከመደርደሪያው ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው በዋና መዝገቡ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያላገኘው ቁጥር በቅድሚያ በካርቶኑ ይፈለግ፤ እዚያ ካርዱ ካለ የተዋሰው ሰው ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሌለ ሳይመዘገብ የወጣ ነው። የቀን መለያዎቹን አውጥታችሁ ያልተመለሱትን ካርዶች በክፍል ደርድሩና ዝርዝራቸውን የተማሪዎች የውጤት ካርድ ከመሰጠቱ በፊት ለየክፍሉ ኃላፊ መምህር አድርሱ፤ ተማሪው ለክረምት ወደ ገጠር ከሄደ በኋላ መጽሐፉን ማግኘት እስከ መስከረም ያስጠብቃል።